ሁለት መንገድ ጠቋሚ ይዘን ወደ ጣና

ይህን የምጽፈው ከተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ነው። እዚህ ቢሾፍቱ የሰፈራችን ሴቶች በየደጁ እያስቆሙ «አስካለ፣ ጣና እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ ቆሜ የምጨርሰው ወሬ አልሆነልኝም። አብዛኞቻችን ከአዲስ አበባ የምናልፈው ለለቅሶ ነው፤ ለማየት ብሎ የሚሄድ የለም። ስለዚህ ያልሄዳችሁት አንብቡት፣ የሄዳችሁት ደግሞ አትሳቁብኝ።

ባለቤቴ አየለ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የጎጃም መስመር ጓሮው ነው ማለት ይቻላል። የትኛው ኩርባ ላይ ጭነት እንደሚያጋድል፣ የትኛው ምግብ ቤት ወጥ እንደማይቆጥብ ያውቃል። ያውቅ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አንድ ነገር መጣ። ዳቦ ሊገዛ ይወጣና ምሳ ሰዓት ላይ በማዶ ሰፈር ዞሮ ይመጣል። «መንገዱን ቆፍረው አበላሽተውት» ይለኛል። «እነሱ ምን ሥራ አላቸው፣ መቆፈር ነው» እለዋለሁ። መንገዱ እንዳልተቆፈረ ሁለታችንም እናውቃለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ዓመቱን እንዲሁ ገፋነው።

ልጃችን ሕይወት ግን ዝም አላለችም። አባባ ወይ መንዳት ያቁም፣ ወይ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ይያዝ አለች። «መንዳት ያቁም» የሚለውን ማንም ደፍሮ አየለ ፊት አልደገመውም፤ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው ያለው። ስለዚህ መሣሪያ ይገዛለት ተባለ። የትኛው? ትንሿ መኪናችን ጃፓን አገር አገልግላ የመጣች ስለሆነች ዳሽቦርዷ ላይ ጃፓንኛ የሚናገር ስክሪን ነበረባት፤ በሱ ካርታ ሁልጊዜ ባሕር መሃል ነበርን። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን እሱን ነቅሎ የኢትዮጵያ ካርታ ያለው፣ በእንግሊዝኛ የምታወራ ሴት ያለችበት ሌላ ገጠመልንና ሁለት ሳምንት ሞክሩት አለን። የሕይወት ባል አቤል ደግሞ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው፤ ሳሙና የምታህል፣ በእጅ የምትያዝ ጂፒኤስ አዋሰን። ኔትዎርክ አትፈልግም፣ አታወራም፣ ቀስት ብቻ ታሳያለች። ስትመለሱ አንዱን ትመርጣላችሁ፣ የመረጣችሁትን እንገዛለን ተባልን። ከሁለቱ አንዱ አየለን መሪው ላይ ካላቆየው ቁልፉን ማስቀመጡ አይቀርም። እኔ መንዳት አልችልም።

የመኪናዋን «ሴትዮዋ»፣ የእጇን «ትንሿ» ብለን ሰየምናቸውና ረቡዕ ጠዋት ተነሣን።

የምንሄደው እድሪስ ዘንድ ነው። እድሪስ ዐሥራ አንድ ዓመት የአየለ ረዳት የነበረ የጣና ዳር ሰው ነው። አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ እሱም ዛሬ የራሱ የሞተር ጀልባ አለው፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኘው ዘንዘልማ አዲስ ቤት ሠርቷል። «ጋሼ ቤቴን ሳያዩት» እያለ ሁለት ዓመት ሲለምነን ነበር።

አዲስ አበባን እስክንወጣ ሴትዮዋ አፏ አልተዘጋም። አየለ ግን እሷ እየለፈለፈች መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰው ይጠይቃል። መሣሪያው እያለ ለምን ትጠይቃለህ ስለው፣ ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው አለኝ። የዓባይ በረሃ ላይ ስንደርስ ደግሞ ልቤ ሞላ። ያንን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያበዛ፣ እንደ ቅቤ አወረደን። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣም የየኩርባውን ታሪክ እየነገረኝ ነበር። ይሄ ሰውዬ ምን ሆነና ነው መሣሪያ የምንገዛለት ብዬ ልጄን በሆዴ ተቀየምኳት።

ደጀን ላይ ምሳ በላን። ረቡዕ ስለሆነ የጾም በያይነቱ ነው፤ ሽሯቸው ከኛ ሽሮ ይወፍራል፣ በርበሬው ግን ይለዝባል። አስተናጋጇ ወዴት ናችሁ ብትለው አየለ «ወደ አዲስ አበባ፣ ጭነት ይዘን» አላት። ልጅቷ በመስኮት አሻግራ ትንሿን መኪናችንን አየችና ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። በልጄ ላይ የነበረኝን ቅያሜ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተውኩት።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ብርዱ የቢሾፍቱን ሰው አይምርም፤ የሆቴሉ ባለቤት እጄን ስትጨብጥ ደንግጣ የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝ፣ ጠዋትም ይዘሽው ካልሄድሽ ብላ ገገመች።

ሐሙስ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ገብተን ዘንዘልማ ብለን ስንሞላላት፣ ሴትዮዋ የምንደርስበትን ሰዓት 11:20 ብላ ጻፈች። እኔም ቀልጠፍ ብዬ እድሪስ ጋ ደወልኩና ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ እንደርሳለን አልኩት። የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ልብ አላልኩም። አየለ በየከተማው ለሰላምታ ስለሚቆም ቀኑን ሙሉ ብንሄድ አልበዛብኝም። ያን መንገድ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ግን ግማሽ ቀን እንደማይሞላ ማወቅ ነበረበት። እሱም እሺ ብሎ ሞተር አስነሣ።

እንጅባራ አካባቢ አገሩ ሁሉ ለምለም ነው፤ እኛ ጋ ሣር እንዲህ የሚያምረው ለመስቀል ሰሞን ብቻ ነው። ዳንግላን አለፍን፣ መራዊን አለፍን፣ ባሕር ዳር ገባን። ዘንባባው ግራና ቀኝ ተሰልፏል፣ ባጃጁ እንደኛው ከተማ ይርመሰመሳል። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ዘንዘልማ ስንደርስ ገና አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛዋ ደርሳችኋል አለችን። የደረስነው ጤፍ ማሳ ዳር ነው። ግማሹ ማሳ፣ ግማሹ በቆርቆሮ የታጠረ አዲስ ቤት፤ ስም ያለው መንገድ የለም። ትንሿን አወጣሁ፤ የእድሪስን ቤት ማንም አልነገራትምና እሷም የቆምንበትን ብቻ ነው የምታውቀው። እድሪስ ስልኩን አያነሣም።

እንደ ድሮው ጠየቅን። ጀልባ ያለው እድሪስ ስንል አንዲት ባጃጅ ቀድማን እየመራች ከበሩ አደረሰችን። የእድሪስ ሚስት ዘይነባ በሩን ከፍታ ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ግቡ ማለቱን እንኳ ረስታ ወደ ጎረቤት ግቢ ታያለች። ጎረቤቷ በላይነሽ የምትባል ክርስቲያን ናት። ለካ በላይነሽ ግቢ በግ ታርዷል። እድሪስ የገዛውን በግ፣ እኛ እንድንበላው ብሎ፣ የበላይነሽ ባል በስመ አብ ብሎ አርዶት፣ በበላይነሽ ድስት፣ በበላይነሽ ምድጃ እየተሠራ ነው። ሁሉም አልቆ፣ ቤቱ ተነጥፎ፣ ወጡ ተሸፍኖ ሊጠብቀን የታሰበው ለዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር። እኛ ስድስት ሰዓት ቀድመን፣ ገና ሥጋው ሲዘለዘል ደረስን።

ሴትዮዋን እርግማን ላወርድባት ነበር፤ ተውኳት። ሰዓቱ ባይምታታብኝ ኖሮ ወጡን በልተን ምስጋና አቅርበን እንተኛ ነበር እንጂ፣ ሁለት ሴቶች ለኛ ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ በአጥር ቀዳዳ ሽንኩርት ሲቀባበሉ አናይም ነበር። ጋቢዬን አውልቄ ቢላ ይዤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ዘይነባ እንግዳ አይሠራም ብላ ለመነችኝ፤ በላይነሽ ግን ተያት፣ የኛው ናት አለቻት።

እድሪስ ስምንት ሰዓት ላይ ዓሣ አንጠልጥሎ መጣ። ሐይቅ ላይ ስለዋለ ነው ስልኩን ያላነሣው። አየለን ሲያይ ዓሣውን ጥሎ ጉልበቱን ሳመ። አየለም አንገቱን አቅፎ «እድሪሴ፣ ጎማውን አየኸው?» አለው። እድሪስ «አየሁት ጋሼ፣ ደህና ነው» ብሎ መለሰ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

ዓርብ እድሪስ ለጁምዓ ሄደ፣ እኛ የሐይቁን ዳር አየን። ቢሾፍቱ ሐይቅ ማለት ሳህን ነው፤ ከዚህ ጫፍ ቆመህ ማዶ ያለውን ሰው ጠርተህ ትሰዳደባለህ። ጣና ግን ማዶ የለውም። ውኃው ሄዶ ሄዶ ሰማይ ይሆናል። እኔ ደስ አለኝ፣ አየለ ግን ማዶውን ሲፈልግ ቆየና ደክሞት ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

ስንመለስ አንድ አደባባይ ላይ የሆነውን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ። ሴትዮዋ ወደ ግራ ትላለች። የእድሪስን ቤት ትናንት የመዘገብንባት ትንሿ እጄ ላይ ሆና ቀስቷን ወደ ፊት ቀስራለች። ከኋላችን ባጃጆች ጥሩንባ ያስጮኻሉ። አየለ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ፤ ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«አስኩ፣ የቱን ልስማ?» አለኝ።

በትዳራችን ሙሉ መንገድ ጠይቆኝ አያውቅም። ወደ ቀኝ ጠርዝ ይዘህ ቁም አልኩት፣ ቆመ። ሴትዮዋን አጠፋኋት፣ ትንሿን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ትንሽ ተነፈስንና ባጃጅ ቀጥረን፣ እሱን እየተከተልን ቤት ገባን። የዚያን ቀን ማታ ሕይወት ደውላ የቱ ይሻላል ስትለኝ፣ ገና አላወቅንም አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐይቁ ነፋስ ሳይነሣበት፣ እድሪስ በጀልባው ወደ ደቅ ደሴት ወሰደን። ሴትዮዋ ከመኪናው ጋር ዘንዘልማ ቀረች። እድሪስ ካርታ የለው፣ ምን የለው፤ የኋላውን ተራራ ከፊቱ ደሴት ጋር እያስተያየ ነው የሚነዳው። ጭጋግ ሲሆንስ ብዬ ጠየቅሁት። ያኔ ሞተር አጥፍቶ እንደሚጠብቅ፣ አባቱ ካላየህ አትሂድ ብለው እንዳስተማሩት ነገረኝ። ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። በመንገድ ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች እጃቸውን ያነሡልን ነበር።

ደቅ ላይ መኪና የለም። ማንጎው፣ ጌሾው፣ የበቆሎው ማሳ እስከ ውኃው ድረስ ይወርዳል። ከጀልባው ስንወርድ እድሪስ አቤል በስልክ እንዳሳየው የትንሿን ቁልፍ ተጭኖ ጀልባው የቆመበትን መዘገበ። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ነው፤ ሴት የሚገባበት ነው። ተሳልሜ ከግቢው ዛፍ ሥር አረፍ አልኩ። አየለ ጀልባዋን ልይ ብሎ ተነሣ። እድሪስ ከግቢው ውጭ ነው ያለው፣ አብሮት ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። እድሪስ ደግሞ ከኔ ጋር ነው ብሎ አሰበ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እድሪስን ብቻውን በሩ ላይ ሳየው ዘልዬ ተነሣሁ። ትንሿን አውጥተን ቀስቷን እየተከተልን ወረድን። በትክክል ጀልባው ጋ አደረሰችን። ጀልባው አለ፣ አየለ የለም። ዳር ላይ መረብ የሚጠግን ሰው፣ አላየሁም አለ።

እድሪስ በግራ፣ እኔ በቀኝ ሄድን። ውኃ አለ፣ ደንገል አለ፣ ሰውዬው ዋና አይችልም። ማሳ ውስጥ የሚያርሙ ሁለት ሴቶች ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ ተነሡና አብረውኝ መጣራት ጀመሩ። ስሙን ነግሬያቸው «አቶ አየለ! አቶ አየለ!» ይላሉ። እግዚአብሔርን ያልለመንኩት ነገር የለም። መኪናውም ይቅር፣ መንዳቱም ይቅር፣ እሱን ብቻ ስጠኝ አልኩ።

ከደሴቱ በሌላው በኩል አገኘነው። አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ የኔታ አሏቸው፣ የቆሎ ተማሪዎች መምህር ናቸው። አየለ እጁ ላይ ዳቦ ይዟል። የኔታ ሲያገኙት ውኃው ዳር ቆሞ እድሪስን ይጣራ ነበር፤ መኪናው ተጭኖ አልቋል፣ ረዳቴ ዘገየ ይላቸዋል። መኪና እዚህ የለም ብለው አልተከራከሩትም። ረዳትህ እስኪመጣ ቁጭ በል ብለው ከመሶባቸው ዳቦ አስመጡለት።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። «ምንም አልሆነም ልጄ» አሉኝ። «እንግዳ ነው፣ አስቀመጥሁት። የሚፈልገው ሰው እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ።»

ከዚህ በኋላ ማልቀሴን መደበቅ አልቻልኩም። አየለ ዳቦውን እያየ ቆየ። ከዚያ ራሱ ጀመረ።

«ጠፍቶብኝ ነው አስኩ። ዛሬ ብቻም አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እየተሸሸግን አብረን ኖረን፣ ያንን የተነጋገርነው በሰው አገር፣ በሰው ዳቦ ላይ ነው። ልቤ ተሰብሮ ነበር፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ አየለ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ለእድሪስ ዘረጋለት። እድሪስ አልቀበልም ብሎ እጁን ሰበሰበ። «እኔ መሪ መያዝ የተማርሁት ከእርስዎ ነው፤ እንዴት አድርጌ ከእርስዎ እጅ ቁልፍ እወስዳለሁ?» አለ። አየለ ግን እጁን አላጠፈም። እስከ ቢሾፍቱ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ረዳትህ ነኝ አለው። እድሪስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ተነሥቶ፣ በሁለት እጁ ተቀበለ።

እሑድ ጠዋት እድሪስ ጀልባውን ለወንድሙ ሰጥቶ መሪውን ያዘ። ዘይነባ የተጠበሰ ዓሣ ጠቀለለችልን፣ በላይነሽ ድርቆሽ ሰጠችን፤ ሁለቱም ሲሸኙን አንድ ነጠላ ለሁለት ደርበው ነበር። መንገዱን ሙሉ አየለ ረዳት ሆኖ መራው። ኩርባ ነው ይለዋል፣ ከብት አለ ይለዋል፣ ከኋላህ የጭነት መኪና ነው አሳልፈው ይለዋል። አንዳንዱ ትክክል ነው፣ አንዳንዱ የሌላ ቦታ ኩርባ ነው። እድሪስ ለሁሉም «እሺ ጋሼ» ይላል። ሴትዮዋን ያበራት የለም። ደብረ ማርቆስ ያቺው ሆቴል አደርንና ጋቢዋን መለስኩላት። ልትቀበለኝ አልፈለገችም፣ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ አልጋው ላይ ትቼላት ወጣሁ።

ሰኞ ከሰዓት ቤታችን ስንደርስ ሕይወትና አቤል እየጠበቁን ነበር። እድሪስ ከሹፌሩ ወንበር ሲወርድ ልጄ ሁሉም ነገር ገባት፤ አባቷን አቀፈችው። ምሳ ቀረበ። እድሪስ በነጋታው በአውቶቡስ ሊመለስ ስለሆነ ስለ ሱ ስንቅ ስናወራ፣ አቤል ነገሩ እንዳይከብድ ብሎ ነው መሰለኝ፣ እንግዲህ መሣሪያ መግዛቱ ይቅር፣ ኤሌክትሪሺያኑንም እነግረዋለሁ አለ።

አየለ ጉርሻውን ዋጠና ቀና አለ።

«ለምን ይቀራል? መኪናዋ ላይ ያለችውን ይንቀላት። መኪናዋ ያለ ሰው የትም አትሄድም። የምጠፋው እኔ ነኝ። ትንሿን ግዙልኝ፣ ኪሴ ውስጥ ትግባ።»

አቤል ተነሥቶ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ትንሿን አመጣ። ሌላ እስክትገዛ ይቺን ይያዙ ብሎ አየለ ጎን ተቀመጠ፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን አሳየው። ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ቀስቷን ይከተሉ፣ ወደዚህ ግቢ ትመልስዎታለች አለው። ከዚያ የቆምንበትን መዘገበና ስም ስትጠይቀው «ቤት» ብሎ ሊጽፍ ጀመረ።

«ቤት አትበል» አለው አየለ። «ቤት ብዙ ነው፣ ደጀንም ቤት አለ። አስካለ በል።»

አቤል ጻፈው። አየለ መነጽሩን አድርጎ ፊደሉን አንድ በአንድ አየና ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። እኔ ወጡ እንዳያርርብኝ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። የተጣደ ወጥ አልነበረም።